አባ ፊት ያልተነሣው ክኒን

የኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ረፋድ ላይ፣ የኩላሊት ሐኪሟ ክፍል ውስጥ የነበሩት አራት ሰዎች ናቸው፦ ዶክተር ሐመልማል፣ ታማሚዋ ወርቅውሃ፣ ባሏ እንድርያስና የንስሐ አባታቸው አባ ሠረቀብርሃን። አባ የዶክተሯን እናት ያውቃሉ። እሳቸው ካሉ ወረፋው ያጥራል ብሎ ከእንጦጦ እንዲወርዱ የለመናቸው ራሱ እንድርያስ ነበር።

ዶክተሯ የግፊት መለኪያውን ከወርቅውሃ ክንድ ፈታች። ያየችው ቁጥር ደስ አላላትም።

"ጨምሯል። መድኃኒቱን በትክክል እየወሰዱ ነው?"

"አንድም ቀን አላቋረጥኩ።"

"ሌላስ የሚወስዱት አለ? የሆርሞን፣ የሴቶች መድኃኒት?"

እንድርያስ ሚስቱን አየ። ማህፀኗ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ወዲህ ሙቀት ያነድዳት ጀምሮ ነበር፤ ባለፈው ክረምት ሰፈራቸው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ጭጋግ ተኝቶበት እያለ እሷ ነጠላዋን ጥላ ደጅ ትቀመጥ ነበር። አያት ሰፈር ያለ አንድ ክሊኒክ የሆርሞን ክኒን አዘዘላትና እንቅልፍ አገኘች። ኩላሊቷ መድከሙን እዚያ አልተናገረችም፤ ክኒን መጀመሯን ደግሞ እዚህ ደበቀች። "ካወቁ ያስቆሙኛል፤ አፍህን ብትከፍት እንጣላለን" ብላዋለች።

አባ ሳቁ። "የምን የሴቶች መድኃኒት ነው፣ ልጄ? ይቺ ሴትዮ እኮ አያት ልትሆን ነው።"

ዶክተሯም ለአክብሮት ያህል ፈገግ አለች። ወርቅውሃ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ሳበች።

"ምንም የለም" አለች።

እንድርያስ አጣና ነጋዴ ነው፤ ከደላላ ጋር ሲከራከር የሚያቆመው የለም። አሁን ግን በንስሐ አባቷ ፊት የሚስቱን ገመና እንዴት ያውጣው? እሳቸውን ይዞ የመጣውም እሱ ነው። ዶክተሯ የግፊቱን መድኃኒት ጨምራ ጻፈች፤ እሱም ቁጭ ብሎ ስትጽፍ አያት።

ኮሪደሩ ላይ ብቻውን ተመልሶ ለዶክተሯ የሚነግርበት ሰበብ አገኘ። "ጃንጥላዬን ረሳሁ፤ መጣሁ።"

"ይኸው፣ እኔ ይዤልሃለሁ" አሉ አባ ከክንዳቸው ላይ አውርደው። "ሐሳብህ ወዴት ነው አንተ?"

ወርቅውሃ ትክ ብላ አየችው። ጃንጥላውን ተቀበለ። ከኋላቸው ሌላ ታማሚ ገባና በሩ ተዘጋ።

አባ ከተሰናበቷቸው በኋላ ታክሲ ውስጥ ቀስ ብሎ፣ "ተመልሰን ብንነግራትስ?" አላት።

"ከዚያ እንቅልፌን አንተ ትተኛልኛለህ?"

እንድርያስ የታክሲውን ሂሳብ ቆጥሮ አቀበለ።

በሁለተኛው ሳምንት ግራ እግሯ አበጠ። ዶክተር ሐመልማል እግሯ ውስጥ ደም መርጋቱን ስትነግራቸው እንድርያስ ክኒኑን ከኪሱ አውጥቶ አሳያት። እሷም አገላብጣ አየችው።

"ይሄ ክኒን ግፊት ይጨምራል፣ ደምም ያረጋል። ያኔ ብትነግሩኝ" አለች፣ "መጠኑን ዝቅ አድርጌ ቆዳ ላይ የሚለጠፈውን ሆርሞን እሞክርላቸው ነበር፤ ግፊቱንና ኩላሊቱን እየተከታተልኩ። አሁን ግን ደማቸው ስለረጋ እሱም አይሆንም።"

ወርቅውሃ ሆስፒታል ተኛች። ክኒኑ ቆመ። ወጥታ ቤቷ ስትገባ ሙቀቱ ተመልሶ ነበር።