ለተራራው የሚሆን ጎማ

ኤይናር ጋራዡ ሲገባ መካኒኳ ሲግሪድ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ሰክታ የአንዱን መኪና ብሎን እየፈታች ነበር። ሌሊቱን የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ ጥሎ፣ በሸለቆው ያለ ባለመኪና ሁሉ የበረዶ ጎማ ለማስገጠም በአንድ ጠዋት ነቅሎ ወጥቷል። በየዓመቱ እንዲሁ ነው። በጥቅምት በረዶ እንደሚጥል ማንም ያልነገራቸው ይመስል፣ ሰዎቹ የሚነቁት መሬቱ ነጭ ሲሆን ነው።

"ወረፋ አለ፣ ዶክተር" አሉት ሞንስ፣ ጡረታ የወጡት ፖስተኛ፣ ከፔርሙሳቸው ቡና እየቀዱ። አጠገባቸው አራት ሰዎች አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል።

"እኔ ከነሐሴ ጀምሮ ቀጠሮ አለኝ፣ አባባ ሞንስ።"

ኤይናር የጥርስ ሐኪም ነው፤ የዚህችን ከተማ ሰው ግማሹን አፉን አስከፍቶ አይቷል። ውጭ የቆመችው ጥቁር የቅንጦት መኪና የእሱ ናት። ሦስት ዓመት ሲነዳት ሌላ ሰው መሪዋን ነክቶ አያውቅም። ነገ ቅዳሜ የባለቤቱ የቶሩን እናት ተራራው ማዶ ዘጠና ዓመታቸውን ያከብራሉ። ቶሩን ግን ከጥር ወዲህ እዚህ መኪና ውስጥ ገብታ አታውቅም፤ ለነገውም በአውቶቡስ እሄዳለሁ ብላለች። ሠላሳ ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች ለአንድ ግብዣ ለየብቻ ሊደርሱ ነው። ኤይናር ነገሩ አሳፍሮታል፤ ከማፈሩም በላይ ከጎኑ መቀመጧ ናፍቆታል። ጥሩ ጎማ ካየች ሐሳቧን ትቀይራለች ብሎ ተስፋ አድርጓል።

ሲግሪድ ስልኩን ዘግታ መጣች። የክፍል ጓደኛው ነበረች፣ ያኔም ቢሆን አትምረውም ነበር።

"ይሄን ነው የምፈልገው" አላት ፎቶ እያሳየ። "ሃያ ሁለት ኢንች፣ ጥቁር ቸርኬ፣ ምስማር የሌለው ጎማ።"

"ያምራል። ማን ሊያገባ ነው?"

"አትቀልጂ።"

"አልቀለድኩም። ቸርኬው በተለቀ ቁጥር ጎማው ይሳሳል። በረዶ ስር የተደበቀ ጉድጓድ ስታገኝ ቸርኬህ ነው የሚሰነጠቀው። ፍሬንህ ትልቅ ስለሆነ ከሃያ በታች አይገባልህም። ሃያ አድርገው፤ ጠበብ ያለ፣ ጎኑ ወፈር ያለ፣ በረዶ የሚነክስ ባለ ምስማር።"

"ምስማር እኮ ይጮሃል። ኦስሎ ስገባ ደግሞ ለምስማሩ ያስከፍሉኛል።"

"ኦስሎ በዓመት ስንቴ ትሄዳለህ?"

"ሁለቴ።"

"ተራራውንስ?"

"መኪናዋ እኮ በአራቱም ጎማ ነው የምትጎትተው" አለ ኤይናር።

"መሄዱንማ ትሄዳለች። ማን ያቆማታል ነው ጥያቄው። ለመሆኑ ባለፈው ጥር የተንሸራተትከው በምን ጎማ ነበር?"

"እሱማ አጋዘን ድንገት ገብቶብኝ…"

"አጋዘኑን ተወው፣ አጋዘን ጎማ አያስመርጥም። ስንት እየነዳህ ነበር? ጎማህስ ምን ነበር?"

የአጋዘኑን ታሪክ አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ያውቁታል። ኤይናር በየግብዣው ያወራዋል፤ ቶሩን እንዴት እንደጮኸች፣ እሱ እንዴት መሪውን ተረጋግቶ እንደያዘ። ሰው ይስቃል። መጨረሻ ሲያወራው ቶሩን ዳቦ እየቆረጠች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀምጣ ወደ ማድ ቤት ገባች። ኤይናር ይህን ያስታወሰው አሁን ነው።

"በሰዓት ዘጠና" አለ። "ሻጩ ለሁሉም ወቅት ይሆናል ብሎ በሰጠኝ ጎማ። አጋዘን አልነበረም። ቶሩን ቀስ በል ብላኝ ነበር፣ ሁለቴ። ሦስተኛው ላይ ነው የጮኸችው።"

"አይ ዶክተር!" አሉ ሞንስ። "እኔ እኮ ለእህቴ የቀንዱን ስፋት ሳይቀር ነግሬያታለሁ!"

ሌሎቹ ሳቁ። ሲግሪድ አልሳቀችም፤ ወረቀቷ ላይ "ሃያ፣ ባለ ምስማር" ብላ ጽፋ መኪናዋን ወደ ማንሻው አስገባች።

ከአንድ ሰዓት በኋላ መኪናዋ ወረደች። ግራጫዎቹ ቸርኬዎች የትራክተር ይመስላሉ። "ሃምሳ ኪሎሜትር ስትሄድ ብሎኑን መልሰህ አጥብቅ" አለችው ሲግሪድ። "ምስማሩ ቦታውን እስኪይዝ ድረስ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው ይፈልጋል።"

ቶሩን የምትሠራው ቤተ መጻሕፍት ነው። ስትወጣ ኤይናር በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ጎማዎቹን አየች፣ ከዚያ እሱን።

"ከጋራዡ ተደውሎልኝ ነበር" አለች። "አጋዘኑ ሞተ አሉኝ።"

"በሰው ፊት ነው የተናገርኩት። ውሸቱን የሰሙትን ሌሎቹንም አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ።"

"በረዶ የፈራሁ መስሎህ ነበር አይደል?"

"አዎ።"

"በረዶ ላይ ነው ያደግሁት፣ ኤይናር። ዘጠኝ ወር ሙሉ ያንገበገበኝ ሰው ሲስቅብኝ አብረህ መሳቅህ ነው።"

"አውቃለሁ። ማለቴ፣ ዛሬ ነው ያወቅሁት። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

ከጣሪያው ላይ በረዶ እየቀለጠ ይንጠባጠብ ነበር። ኤይናር የሾፌሩን በር ከፈተና ጎንበስ ብሎ ወንበሩን ወደፊት አስጠጋ፤ ቶሩን አጭር ስለሆነች ከፍም አደረገው። መስታወቱን ለእሷ ዓይን በሚመች ልክ አወረደ። ከዚያ በሩን ክፍት ትቶ በወዲያኛው በኩል ዞሮ ገባና ቀበቶውን አሰረ። ከዚህ ወንበር ላይ መኪናዋ የሌላ ሰው መሰለችው።

ቶሩን ቦርሳዋን የኋላ ወንበር ላይ ጣል አድርጋ መሪው ጋ ተቀመጠች።

"ማርሹ የቱ ጋ ነው?"

ጣቱን ቀስሮ አሳያት። ስለ መኪናዋ የሚነግራት ገና ብዙ ነበረው፤ ምላሱ ላይ ደርሶ ዋጠው።