ምሳ በፕሮግራሙ መሠረት

«ምሳ ወንዙ ዳር ነው ተባባልን እኮ!» አለ ፕሮግራም፣ የታጠፈ ወረቀቱን በሾፌሩ ትከሻ ላይ አሳልፎ እያወዛወዘ። «ጎማው አንድ ሰዓት በላብን። አሁን ደግሞ ለምሳ ከቆምን ድንኳኑን በዳበሳ ልንተክል ነው። ትንሽ ብንዘገይ ማን ይሞታል?»

ለምሳ እንቁም ያለችው ጋቢና የተቀመጠችው ምግብ አብሳይ ናት። ሰዓቷን አየች። ስምንት ተኩል አልፏል።

ፕሮግራም የሚለውን ስም ያወጡለት የመድን ድርጅት ባልደረቦቹ ናቸው። ለሦስት ቀን የድንኳን ጉዞ አራት ገጽ መርሐ ግብር ያዘጋጀ ሰው ሌላ ስም ሊወጣለት አይችልም። «ነፃ ጊዜ» የሚለው እንኳ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ ተጽፎበታል። አሥራ ሁለት ሆነው ሚኒባሱን ከነሾፌሩ ተከራዩ፤ የሾፌሩን ሚስት ደግሞ ምግብ እንድታበስልላቸው ቀጠሯት። በርካሽ አገኘናት ብለው ደስ ብሏቸዋል። እሷ ግን የመጣችው ድስት ልታማስል ብቻ አልነበረም።

ባሏ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ ቧንቧውን ከፍቶ፣ መርፌውን ተወግቷል። ከዚያ ሁለት ቁራሽ ዳቦ በላ። ቢዘገይ ቢዘገይ እስከ ስድስት ሰዓት ሌላ ነገር መቅመስ ነበረበት። ስኳር የሚለው ቃል ግን አራት ዓመት ሙሉ ከመኝታ ቤታቸው ደጃፍ ወጥቶ አያውቅም። የመኪናው ባለቤት፣ የቀድሞው ሾፌር ነዳጅ ማደያ ውስጥ ራሱን ስቶ ሲወድቅ፣ ቁልፉን የተቀበለው እዚያው፣ ሰውየው ከመሬት ሳይነሳ ነው። «እኔ የቀጠርኩት ሾፌር እንጂ በሽተኛ አይደለም» ማለቱን ሠራተኛው ሁሉ በቃሉ ይዞታል። ባሏ ደግሞ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ከመሪ ሌላ ምንም ይዞ የማያውቅን የሃምሳ አራት ዓመት ሰው ማን ይቀጥራል?

ቤት ውስጥ ቢሆን ታውቀው ነበር። መጀመሪያ ግንባሩ ያልበዋል፣ ቀጥሎ ዝም ይላል፣ ከዚያ ግትር ይሆናል። ዛሬ ግን የማያልበው ማን አለ? የመኪናው ማቀዝቀዣ ከሞተ ዓመት አልፎታል። በመስኮት የሚገባው ነፋስ ከምድጃ አፍ የወጣ ይመስላል፤ የወንበሩ ፕላስቲክ ጭን ላይ ይጣበቃል። አሥራ አራት ሰው እንደ አንድ ሰው ረጥቧል። ታዲያ በባሏ ጆሮ ሥር የሚወርደው ላብ የሙቀቱ ነው ወይስ የሌላው? አይኗን ከሱ መንቀል አቃታት።

«ውሃ ልስጥህ?»

«ጠጣሁ።»

«ራበህ እንዴ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ መንገዱን ልይ።»

ከኋላ ሳቂታ የሚሏት ገንዘብ ያዥ እንደ ልማዷ ተንከተከተች። «እትዬ፣ ኧረ ይተዉት! ባልዎን በአደባባይ ጡጦ ሊያጠቡት ነው እንዴ?»

«ጡጦውንማ ጣሪያ ላይ ሰቀላችሁብኝ» አለች አብሳይዋ፣ ሳትዞር።

መኪናው በሳቅ ተሞላ። እሷ አልሳቀችም፤ ያወራችው እውነቷን ነበር። ብስኩቱም፣ ከረሜላውም፣ ጭማቂውም ያለበትን ቦርሳዋን ጠዋት ፕሮግራም ቁጥር ለጥፎበት ከድንኳኖቹ ጋር ጣሪያ ላይ አስጫነው። «መተላለፊያ ላይ ቦርሳ ክልክል ነው፣ እናት» አላት። ሁለት ጊዜ ተከራከረችው። ሦስተኛ ጊዜ ለመከራከር ምክንያቱን መናገር ነበረባት፤ ቦርሳውን ለቀቀችለት።

«ጋሼ፣ ያቺን የተሳፋሪዋን ቀልድ ይጨርሱልን እንጂ!» አለች ሳቂታ።

ሾፌሩ ከጠዋት ጀምሮ በቀልድ ሲያፈነዳቸው ነበር። አሁን ግን የሰማ አይመስልም። ዳገቱ ላይ ማርሽ ሲቀይር ተሳሳተ፤ ሞተሩ አቃሰተ። ወዲያው ሚኒባሱ ቀስ እያለ ወደ ግራ ማዘንበል ጀመረ። ከፊት የሚመጣ የጭነት መኪና ጡሩምባ አንባረቀ።

«ቀኝህን! ቀኝህን ያዝ!» ጮኸ ፕሮግራም፤ እርስዎ ማለቱ ቀርቶ።

ሾፌሩ መሪውን መለሰ። የጭነት መኪናው አቧራ አልብሷቸው አለፈ።

አብሳይዋ ማርሹ ላይ ያረፈውን የባሏን እጅ ያዘችው። በዚያ መኪና ውስጥ የበሩ እጀታ ያቃጥላል፣ የቀበቶው ብረት ያቃጥላል። የሱ እጅ ከማቀዝቀዣ የወጣ ጠርሙስ ይመስል ነበር።

«አቁም።»

«ምንም አልሆንኩም።»

«አቁም አልኩህ!»

«ደርሰናል እኮ፤ ምን ሆነሻል አንቺ?» ምላሱ ተሳስሯል።

እዚህ ደረጃ ከደረሰ በኋላ በግድ እሺ እንደማይል ታውቃለች። ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኔን ነው ያመመኝ። ሊያስመልሰኝ ነው፤ እባክህ አቁምልኝ።»

ፍሬኑን ያዘ። መኪናው ግማሽ ጎኑን አስፋልቱ ላይ ትቶ ቆመ።

እሷ ግን አልወረደችም። ሞተሩን አጥፍታ ወደ ኋላ ዞረች። «ጣፋጭ ነገር! ለስላሳ፣ ከረሜላ፣ ያላችሁን! ቶሎ በሉ!»

ሳቂታ ግማሽ የቀረ የሞቀ ብርቱካን ለስላሳ አቀበለቻት። አብሳይዋ የባሏን አንገት ደግፋ ጠርሙሱን አፉ ላይ አደረገችለት። ጥርሱ ከጠርሙሱ አፍ ጋር ተንቀጫቀጨ፤ ብርቱካኑ በሸሚዙ ላይ ወረደ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሾፌሩ በመኪናው ጥላ ተቀምጦ ዳቦውን ጨርሶ ነበር። የጣሪያውን ጭነት ገመድ የፈታው፣ ምሳውንም ያወረደው ማንም ሳያዘው ፕሮግራም ራሱ ነው። ከቆሙበት ጀምሮ መንገዱ እየተጠማዘዘ ገደሉን ይወርዳል፤ ከታች ወንዙ እንደ ክር ይታያል፤ ጠመዝማዛው ላይ የሚወርድ አንድ አውቶቡስ የክብሪት ቀፎ ያክላል።

ሾፌሩ ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ። «ሙቀቱ ነው» አለ። «አለፈልኝ። ግቡ፣ እንሂድ።»

«ሙቀቱ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን!» ፕሮግራም እፎይ አለ። «እኔንም ሲያዞረኝ ነበር። አይደል፣ እናት?»

ሁሉም ወደሷ ዞሩ። ውሸቱ በስሎ፣ ተዘጋጅቶ ቀርቦላታል፤ ራሷን መነቅነቅ ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ባሏ በአይኑ ለመናት። ከበላ ወዲህ ደህና ሊነዳ ይችላል፤ ምናልባት። ከተናገረች ደግሞ ወሬው ከአሥራ ሁለቱ ባንዱ አፍ በኩል ባለቤቱ ጆሮ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ቁልፍም፣ ደሞዝም የለም።

ገደሉን አየችው። ምናልባት የሚለው ቃል ስንቱን ጠመዝማዛ ያወርዳል?

«ሙቀት አይደለም» አለች። «ስኳር አለበት። ከያዘው አራት ዓመቱ ነው።»

«አንቺ!» አለ ባሏ።

ወደሱ አልዞረችም። ቁልፉን፣ ሞተሩን ስታጠፋ ከመሪው ሥር ነቅላ ይዛዋለች።

«ከእናንተ መሀል» አለች፣ «መንጃ ፈቃድ ያለው ማነው?»