ቤት ሲደርስ እምቢ የሚለው ቀበቶ

ጋሽ ገብረክርስቶስ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ሰገነት የአንድ ቫን የወንበር ልብስ እየሰፋች ነበር። ማሽኗን አቆመች። መኪናዋን ከድምፅዋ ታውቃታለች፤ ዕድሜዋ ሃምሳን ያለፈ፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ መሬት ላይ ልጥፍ ያለች ቀይ ስፖርት መኪና። ጋሽ ገብረክርስቶስ ሠላሳ ዓመት ቶሮንቶ ውስጥ ታክሲ ነድተው ጡረታ በወጡ ማግስት የገዟት ናት።

«አሁንም ያው ነው» አሉ በሩን ከፍተው እየወጡ። «የጽጌ ሲት ቤልት እዚህ ይሳባል፣ ቤት ስንደርስ እምቢ ይላል።»

የመኪና ወንበርና ምንጣፍ የሚሠራበት ሱቅ ባለቤት ዙበይር እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። በተሳፋሪው በር በኩል አጎንብሶ ቀበቶውን ሳበው፤ ያለ አንዳች ችግር ተተርትሮ መጣ። ለቀቀው፤ ተመልሶ ተጠቀለለ። ድንገት ነጠቅ አደረገው፤ ቀጥ ብሎ ያዘ።

«ይኸው፣ ጤነኛ ነው። ካስቸገረዎት ግን አዲስ እንግጠምልዎት። ዛሬ ኦርደር ባደርግ በሳምንት ይደርሳል።»

«አዲስ አልፈልግም። ይሄ ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው ነው። የተሠራበት ዓመት እንኳ ከጨርቁ ላይ አልጠፋም።»

«ባለቤትዎ እትዬ ጽጌስ ምን ይላሉ?» አለች ሰገነት ከማሽኗ ኋላ።

«እሷማ ሳላስር ንቅንቅ አልልም ብላ ዓመት ሊሞላት ነው። ብቻዬን ነው የምዞረው። ችግሩ እጇ ነው፤ ችኩል ናት። ትነጥቀዋለች፣ ይይዛል። ቀስ በይ ብላት አትሰማም።»

ሰገነት ነገሩ አልጣማትም። እትዬ ጽጌን በቤተ ክርስቲያን ታውቃቸዋለች፤ ሻማ እንኳ ሲለኩሱ ጊዜ የሚወስዱ ሴት ናቸው። «ኮል ያድርጉልኝና ላናግራቸው» አለች።

ጋሽ ገብረክርስቶስ ስልኩን ደውለው ሰጧት።

«ልጄ፣ ቀስ ብዬም ስቤዋለሁ፣ በሁለት እጄም ስቤዋለሁ» አሉ እትዬ ጽጌ። «ክረምቱን ሙሉ ብናገር የሚያምነኝ አጣሁ። የሚገርምሽ ደግሞ የእሱ ይሳባል።»

ሰገነት የያዘችው ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ነው። ሁለት ቀበቶ፣ ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ መኪና፣ በአንድ ቦታ። አንዱ ይሳባል፣ አንዱ አይሳብም። እንዲያውም ያው አንዱ ቀበቶ ራሱ እዚህ ይሳባል፣ እዚያ አይሳብም። ጋሽ ገብረክርስቶስ ከሄዱ በኋላ የቫኑን ወንበር እየሰፋች ሁለቴ መስመር ሳተች።

በምሳ ሰዓት ዙበይር የወላለቀ ዕቃ የሚጥልበትን ሣጥን በረበረች። ከሌላ አሮጌ መኪና የወለቀ የቀበቶ መጠቅለያ አገኘች። ጨርቁን ሳበችው፤ አልመጣም። በቀስታ ሳበችው፤ አልመጣም። የሞተ መስሏት ልትጥለው ስትል እጇ ላይ ዞር አለ፣ ጨርቁም ለቀቀ። መልሳ አጋደለችው፤ ያዘ። አቀናችው፤ ለቀቀ። ጎኑ ላይ ባለችው ክፍተት በስልኳ መብራት ወደ ውስጥ አየች። የጣት ጫፍ የምታህል ብረት እንደ ደወል ምላስ ተንጠልጥላለች። መጠቅለያው ቀጥ ብሎ ሲቆም ብረቷ መሐል ላይ ትረጋለች። ሲያጋድል ግን ወደ ጎን ትሄድና የመጠቅለያውን ጥርስ የሚይዝ ትንሽ መንጠቆ ታነሣለች።

«ሳንድዊችሽን ብይ እንጂ» አላት ዙበይር።

«ይሄ ነገር የሚይዘው ሲነጥቁት ብቻ አይደለም ዙበይር። መኪና በድንገት ሲቆም ይቺ ብረት ወደ ፊት ትወረወራለች። ቁልቁል ሲሆንም ያው ነው፤ ለእሷ ልዩነት የለውም።»

«እና?»

ስልኳን አንሥታ ጋሽ ገብረክርስቶስ ዘንድ ደወለች። «መኪናዋን ቤት ሲደርሱ የት ነው የሚያቆሟት?»

«ሕንጻችን ሥር ነዋ፣ ፓርኪንግ። የእኔ ቦታ መውረጃው ላይ ናት፤ አፍንጫዋን ቁልቁል አድርጌ አቆማታለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ገብረክርስቶስ መጥተው ሰገነትን ወሰዷት። ሰገነት ሱቁ በር ላይ ቀበቶውን ሳበች፤ መጣ፤ አሰረች። መንገዱን በሙሉ የጭነት መኪኖች ጎማ ከዓይኗ ትይዩ ይሽከረከር ነበር። ባልና ሚስቱ የሚኖሩበት ፍሌሚንግደን ፓርክ ደርሰው ወደ ሕንጻው ሥር ወረዱ፤ ጋሽ ገብረክርስቶስ ከቦታቸው አቁመው ሞተሩን አጠፉ። ቀበቶውን ፈታች፣ እስኪጠቀለል ጠበቀች፣ እንደገና ሳበች።

እምቢ አለ። በሁለት ጣቷ፣ ክር እንደሚስብ ሰው አድርጋ ሞከረች። ግድግዳ የሳበች ነው የመሰላት።

«እባክዎ ትንሽ ዝቅ ብለው ሜዳው ላይ ያቁሙልኝ።»

ሜዳው ላይ ተሳበ። መልሰው ቁልቁለቱ ላይ አቆሟት፤ እምቢ አለ። እትዬ ጽጌ በሊፍት ወርደው፣ ነጠላቸውን ከካፖርት በላይ ጣል አድርገው ሲደርሱ መኪናዋ ለሦስተኛ ጊዜ ትመላለስ ነበር።

«አየህ?» አሉ ባለቤታቸውን።

«መውረጃው ነው እንግዲህ» አሉ ጋሽ ገብረክርስቶስ። «ጥፋቱ የቦታው ነው።»

«ቢሆንማ የእርስዎም ይይዝ ነበር» አለች ሰገነት።

መኪናዋ ቁልቁለቱ ላይ እንደቆመች ወደ ሾፌሩ ወንበር ሄዳ የእሳቸውን ሳበችው። መጣ። እውነትም ቁልቁለቱ ብቻውን አይበቃም። ከወንበሮቹ ኋላ መጠቅለያዎቹን የሚሸፍነውን ክዳን በካቻቢቴ ፈታች። ስልኳ ላይ ውሃ ልክ የሚያሳይ አፕ አለ፤ መኪናዋን ሜዳው ላይ አስቁማ ስልኩን መጠቅለያዎቹ በታሰሩበት ብረት ላይ በየተራ አስቀመጠች። በሾፌሩ በኩል አንድ ዲግሪ። በተሳፋሪው በኩል ዘጠኝ ዲግሪ፣ ወደ ፊት። ሜዳ ላይ ዘጠኙ አያስይዘውም፤ ቁልቁለቱ ሲጨመርበት ግን ብረቷ ታጋድላለች።

ዘጠኙ ከየት መጣ? የተሳፋሪውን ብሎን ስትፈታ ብረቱ ከፍ አለ፤ ከኋላ ጠርዙ ሥር ሁለት እጥፍ የሆነ ግራጫ ምንጣፍ አለ። በእጇ ገለጠችው። እጥፋቱ በሁለት መስመር ተሰፍቷል፤ ጫፉ ላይ ክሩ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ ተቋጥሯል። ሰገነት ያን ቋጠሮ አየችው፣ ደግማ አየችው። ሱቃቸው ባለበት ሬክስዴል ውስጥ እንደዚያ የሚቋጥር አንድ ሰው ብቻ ነው። ራሷ ናት።

ባለፈው ዓመት ጸደይ ይህችን መኪና ምንጣፍ ያለበሰቻት እሷ ነበረች። ትዝ አላት። በተሳፋሪው በኩል ጨርቁ ረዝሞባት ነበር፤ መቁረጡን ፈርታ አጥፋ ከብረቱ ሥር ሸጎጠችው። ሥራው ያማረ መስሏት ነበር። እትዬ ጽጌ መጨቃጨቅ የጀመሩትም ከዚያ ወዲህ ነው።

ሁለቱ አዛውንቶች በላይዋ ቆመው ይጠብቃሉ። ምንጣፉን ቆርጣ ጥላ «ታጥፎ ነበር» ብትል የሚጠይቃት የለም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች፣ ከተንበረከከችበት ሳትነሣ። «ይሄን ያጠፍኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ ጽጌ። ከመያዙ የባሰው ደግሞ፣ ብሎኑ ብረት ሳይሆን ምንጣፍ ነክሶ ነው የቆመው። አደጋ ደርሶ ቢሆን ኖሮ እንዴት እንደሚሆን አላውቅም።»

ጋሽ ገብረክርስቶስ ፊታቸው ጠቆር አለ። አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ እትዬ ጽጌ ቀደሟቸው።

«ያመነችኝም እሷ ናት» አሉ። «ተነሺ ልጄ፣ ሲሚንቶው ብርድ ነው።»

ሰገነት ትርፉን ምንጣፍ ቆረጠች፣ ብረቱን ወለሉ ላይ አስተኝታ ብሎኑን በእጇ መለሰች። ዙበይር በልክ የሚያጠብቅ ቁልፉን ይዞ እስኪያስረው ድረስ በዚያ ወንበር ማንም እንዳይቀመጥ ነግራቸው በአውቶቡስ ወደ ቤቷ ተመለሰች። መንገድ ላይ ያንን እጥፋት ከኪሷ እያወጣች ታየው ነበር።

ሰኞ ዙበይር ብሎኑን አጠበቀ። አልወቀሳትም፤ ውሃ ልኩን ግን ራሱ ደግሞ ለካ። ከዚያ ከሱቁ አጠገብ ያለ ቁልቁለት ላይ አፍንጫዋን ቁልቁል አድርገው አቆሟት። እትዬ ጽጌ በአውቶቡስ ከኋላ መጥተው ነበር፤ ገብተው ተቀመጡና ቀበቶውን ሳቡ። በዝግታ፣ እንደ ልማዳቸው። መጣላቸው። ነጠቅ አደረጉት፤ ያዘ። እንደ ሕፃን ደጋግመው ሞከሩት።

«ውስጡ ምንድነው ያለው?» ብለው ጠየቁ።

ሰገነት ከሣጥኑ ያገኘችውን አሮጌ መጠቅለያ አምጥታ አሳየቻቸው። እትዬ ጽጌ መነጽራቸውን አደረጉና ትንሿ ብረት ስትወዛወዝ ለረጅም ጊዜ አዩ። «ይቺን የምታህል ነገር ናት ሰውን የሚያህል ፍጡር የምትይዘው?» አሉ።

ጋሽ ገብረክርስቶስ መሪውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። በኋላ፣ ዙበይርም ሰገነትም እየሰሙ፣ «እጅሽ ደህና ነበር» አሏቸው ባለቤታቸውን።

«ሌላስ?» አሉ እትዬ ጽጌ።

«ጆሮዬ ነው ያልሠራው።»

እትዬ ጽጌ መጠቅለያውን ለሰገነት መለሱላትና ቀበቶአቸውን አሰሩ። ቀይዋ መኪና ወደ ዋናው መንገድ ወጥታ ከዓይን እስክትሰወር ሰገነት በር ላይ ቆማ አየች።

ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ ያለፈውን ዓመት የሥራ ደብተር አወረደች። በዚያ ጸደይ ምንጣፍ ያለበሰቻቸው ሌሎች አራት መኪኖች ነበሩ። የማንኛቸው ላይ አጥፋ እንደሸጎጠች፣ የማንኛቸውን እንደቆረጠች አታስታውስም።

«አስጠርቻቸው ልያቸው?» አለችው ዙበይርን።

እሱ በእሺታ ራሱን ነቀነቀላት። የመጀመሪያውን ቁጥር ደወለች፤ ሰውየው ሲያነሣ ስሟንና የሱቁን ስም ተናገረች። «መኪናዎን ባለፈው ዓመት የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች። «አንድ ነገር ማየት ስለፈለግሁ ነው የደወልኩት።»