በጓሮ የመጣ ምሳ

«መልሽው! ለማኝ ነኝ አልኩሽ እንዴ?» አለች የትምወርቅ፣ በእንሰቱ መሀል ሾልካ የመጣችውን ጎረቤቷን ባዳቾን ከነቅርጫቷ ወደ ኋላ እየገፋች።

ባዳቾ ሙግት አልወደደችም። በእንሰት ቅጠል የተሸፈነውን ቆጮና ጎመን እንደ ያዘች ዞራ ሄደች። ቦይና የሚሉትን የጎደሬ ቅቅል ተሸክመው የተከተሏት ሴቶችም አብረዋት ተመለሱ። ከቤቱ ፊት ለፊት ያሉት ወንዶች ግድግዳውን ጨርሰው ጣሪያውን እያዋቀሩ ስለነበር ይህን አላዩም። ወይም አላየንም ብለዋል።

ያን ዓመት ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ የሚለው ወሬ ወላይታ ምድር ጉኑኖ ሲደርስ አገሩ ያለ ዳኛ ቀረ። ከሰሜን የመጣው ሰፋሪ በጠመንጃ፣ ባላገሩ በችቦ ተነሣና የሁለቱም ቤት ነደደ። የትምወርቅ ብሩ የሚባለውን ወታደር ባሏን ቀብራ፣ ልጇን አገርነሽን ይዛ ሶዶ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ዳስ ሥር ወደቀች። ነገሩ ሲበርድ የጉኑኖ ሽማግሌዎች ተቀመጡና ቤቱ የተቃጠለበት ሁሉ፣ ሰፋሪም ይሁን ባላገር፣ ተራ በተራ ይሠራለት አሉ። እንዲህ ያለ ነገር ሌላ ቦታ ሲደረግ አልሰማሁም፤ ጉኑኖን የሚያማ ካለ ይህንንም አብሮ ያውራ።

ሥራው በዳጎ ነው፤ ወላይታ እንዲህ የሚለው ደቦን ነው። ዳጎ ክፍያ የለውም። ባለቤቱ ግን ምሳ ማብላት አለበት፤ ላላበላ ሰው ዳጎ ዳግመኛ አይወጣም።

እኩለ ቀን ሆነ። ወንዶቹ ከጣሪያው ወርደው መሬት ላይ ተቀመጡ። ምሳ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ወደ ሥራው የተመለሰም የለም። ዳሞታ ተራራ ጠቁሯል፤ ጣሪያው ገና በሣር አልተከደነም። አገርነሽ ዳስ ውስጥ የያዛት ሳል እስካሁን አለቀቃትም፤ አንድ ዝናብ ከጨመረባት ምን እንደምትሆን እናቷ ማሰብ አትፈልግም። ቢሆንም የትምወርቅ ነጠላዋን አጣፋች፣ ቀጥ ብላ ወደ ዳጎው መሪ ወደ ኤርካሎ ሄደች።

«ኤርካሎ፣ የማበላችሁ የለኝም። ከፈለጋችሁ ሂዱ» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ በዚህ ኮራች።

ኤርካሎ የባሏ ገባር የነበረ ሰው ነው። የእሱንም ቤት ያቃጠሉት ሰፋሪዎች ናቸው፤ ከእሷ ቀድሞ ተሠርቶለታል።

«ባዳቾ አልመጣም?» አላት፣ ሴቷን እንደ ወንድ በሚጠራው የባላገር አማርኛው።

«ምጽዋት ይዛ መጥታ ነበር፤ መለስኳት።»

«ምጽዋት?» ኤርካሎ ሳቁን በመዳፉ አፈነው። «እሜቴ፣ ምጽዋት በፊት በር ነው የሚመጣው፤ ሰው ሁሉ እያየ። ይሄ በጓሮ መጣ። ማንም አላየም። እኔም አላየሁም።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«የኔ ቤት ሲሠራ እኔ ምን ነበረኝ? እንሰቴም ተቃጥሏል። ባዳቾ በጓሮ አስገባ፣ ሚስቴ በፊት አወጣ፣ ‹ብሉ› አለ። ሰውም ኤርካሎ አበላን አለ። ዳጎ የወጣለት ሰው ባዶ እጁን እንዲቀር አንተወውም። ገባዎት?»

የትምወርቅ ፊቷ ጋለ። ከልጅነቷ ጀምራ ጉኑኖ ኖራ ይህን አታውቅም ነበር። ከየትስ ታውቅ? የቀድሞ ቤቷ የተሠራው በትእዛዝ፣ በእነዚሁ ሰዎች ጉልበት ነው፤ በዚያን ጊዜ ለሠሪዎቹ ምሳ ይቅረብ ያለ አልነበረም። አፈረች። ስታፍር ደግሞ የምትቆጣ ሴት ናት፤ የምትቆጣበት ሰው ግን ከራሷ ሌላ አጣች።

ዞራ ወደ ጓሮ ሄደች። «ባዳቾ! እኅቴ! አጠፋሁ። ምሳዬን አምጪልኝ!» ብላ ተጣራች።

ባዳቾ ከእንሰቱ ኋላ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ነበር። «ያንቺ ነው፤ የት እወስዳለሁ?» አለችና ቅርጫቱን አቀበለቻት።

የትምወርቅ በጓሮ የተቀበለችውን ይዛ በፊት ወጣች። «በሉ፣ ቤት ያፈራውን ቅመሱ» አለች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ።

«እሜቴ አበሉን!» አሉ ወንዶቹ ባንድ ድምፅ። ያሾፈ አልነበረም።

ኤርካሎ በልማዱ ብድግ አለና ሰዎቹን ሊያስታጥብ የውሃውን ቅል አነሣ። በባሏ በብሩ ቤት ይህ የእሱ ሥራ ነበር። የትምወርቅ ቅሉን ከእጁ ወሰደች።

«አይሆንም እሜቴ፣ ነውር ነው» አለ ኤርካሎ፣ ሁለት እጁን ከኋላው ደብቆ። የተቀመጡት ሁሉ ዞረው ያዩ ጀመር።

«እጅዎን ይዘርጉ አቶ ኤርካሎ» አለች የትምወርቅ። «በቤቴ እንግዳ የማስታጥብ እኔ ነኝ።»