የመሳቢያው ሽጉጥ

ሌቦቹ የገቡት በጠራራ ፀሐይ ነው። ልብስ ሰፊዋና ባሏ የታመመ ዘመድ ጠይቀው ሲመለሱ የውጭው በር ገርበብ ብሎ ጠበቃቸው። ቴሌቪዥኑ የለም፤ የጋዝ ሲሊንደሩ የለም፤ አዲሱ የስፌት መኪናም የለም። መሐል ሳሎን ላይ ግን የባሏ አባት አንድ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው፣ እጃቸው በመጋረጃ ገመድ የኋሊት ታስሮ፣ ግድግዳውን ያያሉ።

አንድም ቦታ አልተመቱም። «አባባ፣ ትንሽ ይታገሡን። አባባ፣ ገመዱ አመመዎት እንዴ?» እያሉ ነበር ሌቦቹ ያሰሯቸው። ሽማግሌው ይህን የተናገሩት ግድግዳውን እንዳዩ ነው። ቢመቷቸው ይሻላቸው ነበር።

ሰውየው ሃምሳ አለቃ ነበሩ። ጉልምስናቸውን በሙሉ ለምልምል ወታደሮች የመሣሪያ አያያዝ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሰፈሩም ስማቸውን ትቶ በማዕረጋቸው የሚጠራቸው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ መርሳት ጀምሯቸዋል። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው ቤቱን ሲያምሱ ይውላሉ፤ የሞቱትን ሚስታቸውን «ምነው ገበያ ቆየችሳ?» ይላሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ነገሩ ባሰ። ከልጃቸው አስበልጠው የሚወዷትን ምራታቸውን አንዳንድ ጠዋት ከእግር እስከ ራሷ ያዩና «አንቺ ደግሞ የማን ነሽ?» ይሏት ጀመር።

ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ አንዴ ከወጣ የሚመለሰው ሰንብቶ ነው። የአባቱ መታሰር አንጀቱን በላው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ብረት ሠሪ ጠርቶ መስኮቱን ሁሉ በፍርግርግ አሳጠረ። ከሳሎኑ በር ውጭ የብረት በር ተጨመረ፤ በብረቱ በር ላይ ቁልፍ፣ በቁልፉ ላይ ጓጉንቸር። የኩሽናው የጓሮ በርማ ጭራሽ ተበየደ።

«ከእንግዲህ ዝንብም አትገባ» አለ ሥራው ሲያልቅ እጁን እያራገፈ።

«ዝንቧስ አትገባም። እኛስ በየት በኩል ነው የምንወጣው?» አለች ሰፊዋ።

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ቀኑን ሙሉ ቤት የምትውለው እሷ ናት። ፀሐይዋ በፍርግርጉ እየገባች ጨርቋ ላይ መስመር ትጥልባታለች። ነጩን ጨርቅ ስትሰፋ ዥንጉርጉር እየሆነባት መርፌዋን ትስታለች።

ብረቱም አልበቃው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አይደል፣ የሥራ ባልደረባው ሽጉጥ ገዛ ሲሉ እሱም ተነሣ። ፈቃዱን ሲያሯሩጥ ከረመና አንድ ቀን «ነይ፣ አብረን እንምረጥ» ብሎ ወደ መሣሪያ መሸጫው ይዟት ሄደ።

ባለ ሱቋ መነጽራቸውን በሰንሰለት አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ጠና ያሉ ሴትዮ ናቸው። ባሏ ገና ከመግባቱ በመስታወቱ ውስጥ ካሉት ሁሉ ወደ ትልቁ ጣቱን ዘረጋ።

«ቆይ እስቲ የኔ ልጅ» አሉ ሴትዮዋ። «ጫማ የሚገዛ እንኳ መጀመሪያ እግሩን ያሳያል። የቤቱ ግድግዳ ምንድን ነው?»

«ውጩ ብሎኬት ነው። ክፍሎቹ የተከፈሉት በኮምፔንሳቶ።»

«እንግዲያው ያንን እርሳው። የእሱ ጥይት ኮምፔንሳቶውን በስቶ አልፎ ማንን እንደሚያገኝ አታውቅም። ለመሆኑ የደጅ መብራት አላችሁ? በሩ ይቆለፋል? ውሻስ?» ሁሉንም ጠየቁ፤ ለሁሉም መለሰ። «ቤት ውስጥ ማን ማን አለ?»

«እኔና እሷ ብቻ» አለ ባሏ።

ሰፊዋ ዘወር ብላ አየችው። እሱ አላያትም። አእምሮው የደከመ ሰው ባለበት ቤት መሣሪያ እንደማይፈቀድ ከሰው ሰምቶ ነበር። አፏን ልትከፍት ቃጣትና በሰው ፊት ባልን ማዋረድ ነውር መሰላት። ዝም አይነቅዝም ብላ ዋጠችው።

ሴትዮዋ ለእጃቸው የሚሆን አነስ ያለ ሽጉጥ መረጡላቸው። ከጎኑም በቁጥር የሚከፈት የብረት ሣጥን አኖሩ። «ያለዚህ ከሱቄ የሚወጣ መሣሪያ የለም። ሽጉጡ ባዶውን እዚህ ውስጥ፤ ጥይቱ ተቆልፎ ሌላ ቦታ። ደግሞ ስሙኝ፣ መሣሪያ ዕቃ ለመጠበቅ አይደለም። ቴሌቪዥን የፈለገ ይውሰድ። መሸሻ ጠፍቶ፣ ነገሩ ነፍስ ላይ ሲደርስ፣ ያን ጊዜ ብቻ ነው።»

ሥልጠናም ሄዱ። አሠልጣኙ «ጣት ቃታ ላይ የሚገባው ለመተኮስ ሲቆረጥ ነው። አፈ ሙዙንም ልትገድሉት የማትፈልጉት ነገር ላይ አታዙሩ። ባዶ ነው ብሎ ማመን የለም፤ ከፍቶ ማየት ነው» እያለ ደጋገመላቸው። ክር በመርፌ ቀዳዳ የለመደ እጅ አይንቀጠቀጥምና ሰፊዋ ከባሏ በለጠች። አሠልጣኙ ሲያደንቃት ግን ደስ አላላትም። ቤት ስትደርስ እጇን በሳሙና ታጥባ ደግማ ታጠበች።

ሽጉጡ ለጥቂት ጊዜ በሣጥኑ ውስጥ ኖረ። ባሏ ረጅም መንገድ ሊወጣ ሲል ግን ከሣጥኑ አውጥቶ፣ ካርታውን በጥይት ሞልቶ፣ አቀባብሎ አልጋው ራስጌ ያለው መሳቢያ ውስጥ ሲከተው ደረሰችበት።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ብቻሽን ነሽ። ሌባ በር ሲሰብር አንቺ ቁጥር ስትነካኪ ልትገኚ ነው? ተቆልፎ የተቀመጠ መሣሪያ ጌጥ ነው።»

«አባባስ?»

«አባዬ መሳቢያ ከፍቶ ያውቃል? መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚያጣ ሰው!»

ተከራከረችው፤ አልሰማትም። ሄደ። እሱ ከሄደ በኋላ ወደ ሣጥኑ ልትመልሰው ትችል ነበር፤ እንዴት እንደሚራገፍ ታውቃለች። አልመለሰችውም። እውነቱን ለመናገር፣ ቤቱ ፀጥ ሲል እሷም ትፈራ ነበር፤ መሳቢያው ቅርቧ መሆኑ ልቧን ሞቅ ያደርገዋል። ነገ እመልሰዋለሁ እያለች ነገን ለነገ አቀበለችው።

የፈሩት ይደርሳል አይደል የሚባለው፤ አንድ ጠዋት ሃምሳ አለቃ ሻያቸውን ጠጡ፣ «ተባረኪ ልጄ» አሏት፣ ሻርፔን ላምጣ ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። ሰፊዋ የአንዲት አስተማሪ ቀሚስ ጠርዝ እየሰፋች ነበር። ኮቴያቸውን ሰምታ ቀና ስትል ሽማግሌው የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመዋል። ሻርፑን አልያዙም። ሽጉጡን ይዘዋል፤ ከስንት ዘመን በኋላም አያያዛቸው እንደ ማሠልጠኛ መጽሐፍ ነው።

«እጅሽን አሳዪኝ» አሉ።

መርፌው ከእጇ ወደቀ።

«አባባ፣ እኔ ነኝ እኮ…»

«አባባ አትበይኝ!» ድምፃቸው ኮምፔንሳቶውን አንቀጠቀጠው። «ያኔም አባባ እያላችሁ አይደል ያሰራችሁኝ? ልጄን የት አደረሳችሁት?»

ዓይኗ ሳታዘው ወደ በሩ ሄደ። የብረቱ በር ተቆልፏል፤ ቁልፎቹ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ናቸው። ጀርባዋን ሰጥታ አንዱን ቁልፍ፣ ከዚያ ጓጉንቸሩን ልትከፍት? መስኮቱ ፍርግርግ ነው። ጓሮው ተበይዷል። ሌባ እንዳይገባ የታጠረው ሁሉ አሁን እሷን አጥሮ ያዛት። እጇን ጠረጴዛው ላይ፣ ቀሚሱ ላይ ዘረጋች።

በዚህ መሐል የግቢው በር ተንኳኳ።

«ጓደኛሽ መጣ» አሉ ሃምሳ አለቃ፣ አፈ ሙዙን ወደ በሩ እያዞሩ።

የመጣችው ባለ ቀሚሷ ናት። «የኔ እመቤት! አለሽ? ቀሚሴን ልወስድ ነው!» እያለች የግቢውን በር ገፋ አድርጋ ገባችና እስከ ብረቱ በር ደረሰች። የብረቱ በር ፍርግርግ ነው፤ ከጥይት የሚጋርዳት የእንጨቱ በር ብቻ ነው።

«አልደረሰም!» አለች ሰፊዋ፤ ድምፁ የራሷ አልመስል አላት። «ወደ ማታ ነይ!»

«እንዴ! ዛሬ ነው ያልሺኝ እኮ። ክፈቺና ቢያንስ ልለካው።»

«አልከፍትም! ትኩሳት ይዞኛል፤ ይጋባብሻል። እባክሽ ሂጂልኝ!»

አስተማሪዋ በር ላይ ቆማ አጉረመረመች፤ ቃሏን የማትጠብቅ ሰፊ፣ የዛሬ ጊዜ ሰው ምናምን አለች። ሃምሳ አለቃ አተነፋፈሳቸው ፈጠነ። ጣታቸው ግን፣ ሰፊዋ ያየችው ይህንን ነው፣ ጣታቸው ቃታው ላይ አልነበረም። ከጎኑ በብረቱ ላይ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል። ስሟን የረሳ ሰው ያንን አልረሳም። የአስተማሪዋ ኮቴ ራቀ።

ካሁን በፊት ያላሰበችው ነገር መጣላት። ቀስ ብላ ተነሣች፤ ተረከዟን ገጠመች፤ እጇን በጎኗ ቀጥ አደረገች።

«ሃምሳ አለቃ!» አለች። «ተረኛ ነኝ። ዘብ ልቀይርዎት መጥቼ ነው።»

ሽማግሌው ግንባራቸውን ቋጠሩ። አዩዋት። ጊዜው አልሄድ አለ።

«ለምን ዘገየሽ?»

«መንገድ ይዞኝ ነው፣ ጌታዬ።»

«መንገድ! የሰነፍ ሁሉ ምክንያት መንገድ ነው» አሉ፤ አፈ ሙዙ ግን ወደ ወለሉ ወረደ። ድምፃቸው ተለወጠ። ያልታሰረው፣ ያልተዋረደው ሰውዬ ድምፅ ነበር። «መሣሪያ ስትረከቢ የመጀመሪያው ነገር ምንድን ነው?»

«ባዶ መሆኑን ማየት።»

«በምን?»

«በዓይኔ። በሰው ቃል አይደለም።»

«እህ» አሉ። ሽጉጡን ወደ ውጭው የብሎኬት ግድግዳ አዙረው ካርታውን ነቅለው ጠረጴዛው ላይ፣ ቀሚሱ አጠገብ አኖሩት። የላይኛውን ብረት ሲስቡት በርሜሉ ውስጥ የነበረው ጥይት ተፈናጥሮ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ከፍተው አዩ፤ ጎንበስ አድርገው እሷንም አሳዩዋት። ከዚያ እጀታውን አስቀድመው ዘረጉላት። «ተረከቢ።»

«ተረክቤያለሁ፣ ሃምሳ አለቃ።»

«እንግዲህ አደራ። ደክሞኛል» አሉና ወንበራቸው ላይ ሄደው ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆዩ አንገታቸው ዘንበል አለ።

ሰፊዋ ሽጉጡን ሣጥኑ ውስጥ፣ ጥይቱን ቁም ሣጥኑ ውስጥ ቆለፈችበት። እዚያ ድረስ እጇ አልተንቀጠቀጠም። የብረቱን በር ልትከፍት ስትል ግን ቁልፉ ቀዳዳው ውስጥ አልገባ አላት፤ በሁለት እጇ ይዛ ነው የከፈተችው። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ወደ ማታ አስተማሪዋ ስትመጣ የቀሚሱ ጠርዝ ጠማማ ሆኖ አገኘችውና ሌላ ንዝንዝ ተነሣ፤ ሰፊዋ ፈትታ እንደገና ሰፋችላት።

ባሏ ሲመለስ ደጅ ወጥታ ጠበቀችው። ቤት ውስጥ ልትነግረው አልፈለገችም። መኪናው አጠገብ ቆማ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው። መጀመሪያ የምትቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ፊቷን ሲያይ የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጠ።

«እኔ እኮ ለእናንተ ብዬ ነው» አለ።

«አውቃለሁ። እኔም ለዚያ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ሱቁ ውስጥም ዝም አልኩ፤ መሳቢያውንም እያየሁ ዝም አልኩ። አሁን ግን አልልም። አባባ በዚህ ቤት እስካሉ ድረስ ያ ብረት እዚህ አያድርም።»

«ሣጥኑ ውስጥ ከቆለፍነውስ?»

«አንተ ቆልፈኸው ነበር፤ ከዚያ ከፈትከው። እኔም ብሆን ሊጨንቀኝ ይችላል፤ እከፍተዋለሁ። ሣጥኑን አይደለም የማላምነው።»

በማግስቱ ጠዋት ሽጉጡ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ሴትዮዋ ምክንያቱን ሲሰሙ ባሏን አንድ ጊዜ አዩትና ሽጉጡን ተቀበሉ። ብረት ሠሪው ተጠርቶ የጓሮውን በር ብየዳ ቆርጦ ከውስጥ በቀላሉ የሚከፈት መቀርቀሪያ ገጠመለት፤ ደጅ ላይ መብራት ገባ። ሌባው ግን አልተያዘም፤ ዕቃውም አልተገኘም። ፍርሃቷም እንደ ጉንፋን በአንድ ጊዜ አለቀቃትም፤ ሽማግሌው ድንገት ከኋላዋ ሲመጡ ለወራት ትደነግጥ ነበር፤ መደንገጧ ራሱ ያሳፍራታል። ባልና ሚስቱም ወዲያው አልታረቁም፤ ሆድና ጀርባ ሆነው ከረሙ።

ባሏ በኋላ ረጅሙን መንገድ ትቶ እዚያው ከተማ ውስጥ ለአንድ ዳቦ ቤት መንዳት ጀመረ። ጧት ሥራውን ጨርሶ ቤት ይገባል። አንድ ቀን ሰፊዋ ከስፌቷ ቀና ስትል አባቱን መስኮቱ ሥር አስቀምጦ ጢማቸውን ሲላጭ አየችው፤ ከዚህ በፊት አድርጎት አያውቅም። አረፋውን ቀብቶ ምላጩን ጉሮሯቸው ላይ ሲያደርስ ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው አንገታቸውን ቀና አደረጉለት። ማን መስሏቸው እንደሆነ አልጠየቃቸውም።