የበሩ አግዳሚ

እትዬ ሀረገወይን እንደሚሉት የበሩን መቃን የሰነጠቀው ተከራያቸው ነመራ ነው። ደህና በር ላይ እንደ ጉሬዛ ሲንጠለጠል ከርሞ፣ ሟቹ ባላቸው አቶ ምንዳዬ በገዛ እጃቸው ጠርበው ያቆሙትን የዋንዛ መቃን ከላይ እስከ ወገቡ ፈለጠው። ነመራ እንደሚለው ደግሞ መቃኑ አስቀድሞም የተሰነጠቀ ነበር። የሚንጠለጠልበት አግዳሚ እሱን ይዞ የወረደው መቃኑ መያዝ ስላቃተው ነው፤ በዚህ ላይ ጀርባውን የተመታው እሱ ነው እንጂ በሩ አይደለም።

ሰፈሩ ሁለቱንም ሰምቶ የሴትዮዋን አመነ። የመቃኑን ስንጥቅ አላፊ አግዳሚው ያየዋል፤ የነመራ ጀርባ ግን ሸሚዝ ለብሷል።

ነመራ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነው። ባለፈው ሰኔ ያዮ ጫካ ውስጥ ከስልክ እንጨት ላይ ወድቆ ቀኝ ክንዱ ተሰበረ። ወጌሻው ጥሩ አድርጎ አሰረለት፣ አጥንቱም ገጠመ፣ ጉልበቱ ግን አልተመለሰም። ጎሬ ያለው አለቃው ጨዋ ሰው ስለነበረ አልተቆጣም። «ጥር ላይ መስመሩን ስንፈትሽ እንጨት ትወጣለህ። መውጣት ካቃተህ የዕቃ ቤት ጥበቃ አለ» ብቻ አለው።

ጥበቃን አልናቀም። ነገር ግን እንጨት ጫፍ ላይ ተቀምጦ የተቆረጠውን ሽቦ ሲያገናኝ፣ ጸጥ ብሎ የነበረው መስመር በድንገት በሩቅ ሰው ድምፅ ሲሞላ የሚሰማው ደስታ ነበረ። ያንን ለሌላ ሰው ትቶ ከዕቃ ቤት ደጃፍ መቀመጥ አልዋጥልህ አለው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ክንዱን አገላብጦ አየና «የራስህን ክብደት እየሳብክ ካልሆነ አይመለስም» አለው።

ዛፍ ላይ እንዳይንጠለጠል ክረምት ነው፤ ሰውም ይስቃል። ስለዚህ የተከራየውን ክፍል በር መረጠ። መጀመሪያ የቡና ግንድ ሞከረ፤ እየጎበጠ አስቸገረው። ቀርቀሃ ከእጁ አመለጠው። በመጨረሻ መዳፍ የሚሞላ ወይራ አገኘና በሁለቱ መቃኖች መካከል አስገብቶ በሽብልቅ አጠበቀው። ነሐሴን ሙሉ እንደ ድንጋይ ያዘለት። ጥቅምት ላይ አገጩ አግዳሚውን ነካ። ኅዳር ሲገባ አግዳሚው መላላት ጀመረ፤ እሱም በላላ ቁጥር ሽብልቅ እየጨመረ በመዶሻ መታው። አንድ ጠዋት ሲጥ የሚል ድምፅ ሰማ፤ ወዲያው ራሱን ወለሉ ላይ አገኘው።

በሳምንቱ የሥራ ባልደረባው ሸዋንግዛው የብረት ቧንቧና መሰርሰሪያ ይዞ መጣ።

«ጉሬዛው፣ ጅራትህ ዳነ?»

«ተቀመጥና ዝም በል።»

«አልቀመጥም። መቃኑን በዚህና በዚህ በኩል እንበሳለን፣ ቧንቧውን እናሳልፋለን፣ አለቀ። ዝሆን ቢንጠለጠልበት አይወርድም። ሴትዮዋ ገበያ ናቸው አይደል?»

ነመራ ጣቱን ስንጥቁ ውስጥ ከትቶ እያየ ነበር። የስንጥቁ ውስጥ ነጭ ነው፤ አሮጌ ስንጥቅ ቢሆን ጢስና አቧራ ባጠቆረው ነበር። ከጎኑ የአቶ ምንዳዬ መጥረቢያ የተወው ጠባሳ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደርድሯል። በጋ በገባ ቁጥር የእሱና የሸዋንግዛው የመጀመሪያ ሥራ የስልክ እንጨቶችን ግርጌ እየዞሩ መጠቅጠቅ ነው፤ መሬቱ ሲደርቅ ከእንጨቱ ይሸሻልና። በሩም ያው ነው። በዝናብ ያበጠው እንጨት አግዳሚውን ጨምቆ ያዘ፣ ፀሐይ ሲመጣ ሸሸ። እሱ ደግሞ የሸሸውን በመዶሻ አሳደደው። ሥራው ላይ የሚያውቀውን ነገር ቤቱ በር ላይ አላየውም።

እትዬ ሀረገወይን ዘንቢላቸውን ይዘው ሲገቡ መሰርሰሪያውን አዩት።

«ደግሞ ምን ልታደርጉት ነው?»

«ማሎ፣ እባክዎ እትዬ፣ መጀመሪያ ይስሙኝ» አለ ነመራ። «መቃኑ ደህና ነበር። ሽብልቁን ከልክ በላይ መትቼ የሰነጠቅሁት እኔ ነኝ። መያዝ ያቃተው ግን ፀሐይ አድርቆት ነው፤ በመንጠልጠሌ አይደለም።»

«እንግዲያው ሁለታችንም ግማሽ ግማሹን ነው ያወራነው» አሉ፤ ዘንቢሉን አስቀመጡ። «ምንዳዬ ይህን በር ሲያቆም ቤቱ ግድግዳም ጣራም አልነበረውም። ዝናብ ውስጥ በር ብቻውን ቆሞ አላፊው ሁሉ 'በየት በኩል ልግባ?' እያለ ይሥቅበት ነበር።» መቃኑን ዳሰስ አደረጉት። «ክንድህስ?»

«አገጬ ደርሶ ነበር። ከተውኩት ወደ ኋላ ይመለሳል።»

ሴትዮዋ ጣታቸውን በመጥረቢያው ጠባሳ ላይ አስኬዱ። «እሺ፣ ብሳው» አሉ በመጨረሻ።

«ሰማህ?» አለ ሸዋንግዛው። «ዛሬውኑ ትንጠለጠላለህ።»

ነመራ ከበሩ ወደ ክፍሉ ውስጥ ዞረ። መቃኑን ሳይነኩ ከውስጥ በኩል፣ ግራና ቀኝ ወይራውን የሚሸከሙ ሁለት ባላ እንጨት መትከል ይቻላል። ነገር ግን ጉድጓዱ ተጠቅጥቆ እስኪጠና ድረስ ቀናት ያልፋሉ፣ ጥር ደግሞ እየመጣ ነው። በዚያ ላይ ባላው የሚቆምበት ቦታ ከሁሩሙ በመጣው የእትዬ ሀረገወይን ቡና ተሞልቷል፤ ጆንያ እስከ ጣራ። ቧንቧው ግን ዛሬውኑ ያልቃል። ባላው በጊዜ ካልደረሰ የሚጠብቀው ጎሬ፣ የዕቃ ቤቱ ደጃፍ ነው።

እሺ ያሉት ሴትዮ እጃቸውን ከመቃኑ ላይ አላነሡም ነበር።

«መሰርሰሪያውን መልሰው፣ ቧንቧውን ተወው» አለ ነመራ፤ እጅጌውን መጠቅለል ጀመረ። «ባላ ነው የምንተክለው። ጆንያዎቹን እኔ ወደ ጓዳ አስገባለሁ፣ በቀኝ እጄ፤ ባላው እስኪጠና ክንዴን በዚህ አሠራዋለሁ።»