ከመቶው ሠላሳ ስምንቱ

«ቁልፉን አሳዪኛ! ቀጠሮ መያዣው የታለ?»

ታላቅ እህቷ በእንግዳ መቀበያው መስኮት አሾልካ የሰጠቻት ስልክ ጥግ ጥጉ ተሰነጣጥቆ በፕላስተር ተጣብቋል። ታናሽየዋ ተቀብላ የዓይን ክሊኒኩን ድረ ገጽ ከፈተች። የሠራችው እሷ ናት፤ ሥራ ከጀመረ ገና ሁለት ወሩ ነው። የክሊኒኩ ስም መጣ፣ የሐኪሞቹ ፎቶ መጣ፣ ከዚያ በታች ነጭ ባዶ። አረንጓዴው የቀጠሮ ቁልፍ የለም።

«ኔትወርክ ይሆናል፣» አለች፤ ራሷንም አላሳመናትም።

«የምን ኔትወርክ! በቀን ሃያ ሰው እዚህ መስኮት ላይ ቆሞ ይሰድበኛል። መመዝገቢያ ደብተሩን ወስደውብኛል። ‹ድረ ገጹ ላይ ግቡ በይ› ተብያለሁ፣ እንደ በቀቀን እሱኑ እላለሁ። ጋሼን ጠይቂያቸው!»

ጋሼ የተባሉት የስልኩ ባለቤት ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። በየወሩ ዓይናቸው ላይ መርፌ መወጋት ነበረባቸው፤ ቀጠሮ መያዝ ስላቃታቸው የሁለት ወሩ አልፏቸዋል።

«እኔ ነኝ ያልቻልኩበት፣ ልጄ፣» አሉ ግድግዳውን እንደተደገፉ። «በዚህ ዓይኔ ጨለማ ውስጥ ክር በመርፌ ቀዳዳ አስገባ ነበር። አሁን አንቺንም እንደ ጥላ ነው የማይሽ።»

ጥፋቱን በራሳቸው ላይ መውሰዳቸው ከስድብ ይልቅ አቃጠላት። ስልኩን መለሰችላቸውና ምሳዋን ሳትበላ ድረ ገጽ ወደምትሠራበት ድርጅት ቢሮ ተመለሰች።

የድረ ገጹን የጎብኚዎች መዝገብ አወጣች። አሮጌው ገጽ በነበረ ጊዜ ከመቶው የክሊኒኩ ጎብኚ ሠላሳ ስምንቱ የሚገባው ከስልኩ ጋር አብሮ በመጣ አሮጌ ብራውዘር ነበር። አዲሱ ገጽ ደግሞ ያ ብራውዘር በማይገባው ኮድ ነው የተጻፈው። ወረቀቱን ይዛ ሥራ አስኪያጁ ክፍል ገባች።

«ዘጠና አራት በመቶው ሰው አዲስ ብራውዘር ነው የሚጠቀመው ያልከኝ ከየት አምጥተህ ነው?»

«ከራሳችን ድርጅት ድረ ገጽ ነዋ።»

«የእኛን ድረ ገጽ የሚከፍተው ማነው? ሥራ የሚፈልግ ፕሮግራመር! የክሊኒኩን የሚከፍተው ግን ልጁ የጣለውን ስልክ የወረሰ አባት ነው። ይኼ እንዴት አንድ ይሆናል?»

ወረቀቱን በጣቱ ወደ ራሱ ሳበ። «አሁንስ ስንት ናቸው?»

«ዘጠኝ።»

«ይኸው!» ወንበሩ ላይ ተለጠጠ። «ከሠላሳ ስምንት ወደ ዘጠኝ። አሮጌው ብራውዘር እኮ ራሱ እየሞተ ነው። ትንሽ ብትታገሺ ችግሩ በራሱ ጊዜ ያልቃል።»

ደሟ ፈላ። «አልሞተም! ሰዎቹን አባረርናቸው! በር ዘግተህ ‹እንግዳ ቀነሰ› ትላለህ? ዓይናቸው እየጠፋ ያለ ሰዎች ናቸው!»

«አትጩኺብኝ። የሚከፍለን ክሊኒኩ ነው፣ ሽማግሌዎቹ አይደሉም። ክሊኒኩ ደግሞ አቤት አላለንም።» ወረቀቱን ገፋላት። «ከአራት ወር በኋላ በሚመጣው እድሳት እናየዋለን። እስከዚያ ያለ እኔ ፈቃድ አንዲት መስመር እንዳትነኪ።»

«አራት ወር?»

ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ስልኩን አነሳ።

ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። በሥራ አስኪያጁ ብቻ አልነበረም የተናደደችው። ያን ዘጠና አራት ቁጥር በነገራት ቀን «የማን ጎብኚ?» ብላ መጠየቅ ትችል ነበር። አልጠየቀችም፤ አዲሱ ገጽ አምሮ ታይቷት ነበርና። በራሷ ስልክ ላይ ሞክራው፣ ሠርቶላት፣ ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ስድቡን እህቷ ትጠጣለች፣ ሰውየው ደግሞ ራሳቸውን ይወቅሳሉ።

የቀድሞው ገጽ አልተሰረዘም። ውበት የለውም፤ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ቀን፣ አንድ ቁልፍ። በማንኛውም ብራውዘር ግን ይከፈታል። አወጣችውና ወደ ቦታው እንዲመለስ አዘዘች።

ሲስተሙ ከማሳለፉ በፊት ሁለት ነገር ጠየቃት። የለውጡ ምክንያት ለሚለው «ታካሚዎች ቀጠሮ መያዝ አልቻሉም» ብላ ጻፈች። ቀጥሎ ያለው «ፈቃጅ» ይላል። እዚያ ላይ የቢሮው ሰው ሁሉ «የቴክኒክ ክፍል» ብሎ ነው የሚያልፈው፤ እንደዚያ ሲሆን ተጠያቂ አይገኝም።

እሷም «የቴክ» ድረስ ጻፈች። ከዚያ አጠፋችው፤ ስሟን እስከ አያቷ ጻፈችና ቁልፉን ተጫነች።